ከዜሮ ወዲያ

መጀመሪያ ፖም ነበር የሣልኩት ለመደመር፤
ቀይ፣ ድብልብል፣ ጥላው ሳይቀር።
«ሦስት ፖም፣ ደግሞ ሁለት ፖም፣ ስንት ይሆናል?»
ክፍሉ ጭጭ አለ። ታብሌቱ ይጠብቃል።
ቶፊቅ፣ እናቱ ቀፊራ ጉሊት ያላት፣
ጣቱን መስታወቱ ላይ አሳረፋት፤
«ቲማቲሟ ቆንጆ ናት፣ ኪሎዋ ስንት ነው?»
ያን ማታ ፖሜን ሁሉ ለቅሜ ጣልኩ፤
በቦታው ማንጎ ተከልኩ።

ቀጥሎ ድምፁ። ልጅ ሲስት የሚያንባርቀው፣
እንደ ባጃጅ ጡሩምባ ጆሮ ሥር የሚጮኸው።
ኒምኦ ከኋላ ወንበር፣ እጇን ብብቷ ሥር ከትታ፣
እስኪደወል ተቀመጠች ትንፋሿን ውጣ።
እሱንም ነቀልኩት።
በምትኩ ዝምታ ጻፍኩ፣ ሁለት ሰከንድ የሚሆን፤
መምህርት ሰዓዳ ቅንድቧን ሰቅላ
«እስኪ ድገሚው» ከማለቷ በፊት ያለውን።
አንድ መስመር ኮድ ናት። ሦስት ሌሊት ፈጀችብኝ።

መቀነስ መጣ።
ለመቀነስ መስመር ያሻል፤
ድሬ ላይ ደግሞ መስመር ማን ያጣል?
ሽመንደፈር ትቶልን የሄደው ሐዲድ
እንደ ተሰጣ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይቀላል።
ዜሮን ባቡር ጣቢያው አደረግኩት፤
እያንዳንዱን አግዳሚ በቁጥር ጠራሁት፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ በሽንሌ በኩል እስከ ሃያ።
ወደፊት ሲገፉት ይደመራል፣
ወደ ኋላ ሲጎትቱት ይቀነሳል፣
ዜሮ ላይ ይቆማል። እኔ ነኝ ያቆምኩት።

ግንቦት ነበር። ሙቀቱ ከቆርቆሮው ወርዶ
አናታችን ላይ ተቀምጧል ተደላድሎ።
ሁለት ታብሌት ግለው ጠፉ።
ኒምኦ ሦስት ላይ ቆማ አምስት መቀነስ ፈለገች።
ባቡሩ ዜሮ ላይ ተገተረ።
ጎተተች። እምቢ አለ። ደግማ ጎተተች።
ሁለት ሰከንድ ዝምታ።
«ሐዲዱን ማነው የቆረጠው?» አለችኝ።
«እዚህ ጋ ያበቃል።»
«አያበቃም። አያቴ ነጂ ነበር።
በዚያ በኩል ሁርሶ አለ፣ ኤረር አለ፣
ጎታ አለ፣ አፍደም አለ…»
ቆጠረችልኝ ከጣቢያው ወደ ኋላ፣
አንዱንም ሳትዘል፣ ምራቋን ሳትውጥ፣ በአንድ ቃና።

መጽሐፉን የሚያርመው ሰው፣ አቶ ተክለአብ፣
በቀይ ጻፈልኝ፤ «ከዜሮ በታች ለሁለተኛ ክፍል አይፈቀድም።»
እውነቱን ነው። እኔም «ከሦስት አምስት አይነሳም» ተብዬ፣
ከጎረቤት ቁጥር ተበድሬ አደግኩ።
የሐሰን ሱቅ ደብተር ግን ያውቀው ነበር፤
የእናቴ ስም፣ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሳሙና፣
ወሩ ሲያልቅ ከዜሮ በታች።
እኔ ነበርኩ የምላከው፤ «በሷ ላይ ጻፈው» እያልኩ።
ሂሳብ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም።

ያን ሌሊት ከዚራ መብራት ሄዶ፣
ባትሪዬ አሥራ አንድ በመቶ ቀርቶት፣
ከዜሮ በስተግራ አሸዋ ሣልኩ፤
የደቻቱን ዓይነት፣ ውሃ የረሳው።
ከሥሩ ሐዲድ ቀበርኩ። ቁጥር አልጻፍኩበትም።
አቶ ተክለአብ ቢከፍተው አሸዋ ያያል፤
ሦስቴ ለጎተተ ግን አሸዋው ይጠረጋል።

አሁን በየሳምንቱ ሰንጠረዥ ይደርሰኛል፤
ስንት ነኩ፣ ስንት ሳቱ፣ ስንት ደቂቃ፣
ከሳቢያን፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከመልካ ጀብዱ።
ስም የለበትም፤ የታብሌቱ ቁጥር ብቻ።
ባለፈው ዓርብ አሥራ ሰባት ቁጥር፣
ጥያቄው ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣
ደወሉ ሊደወል ሲል ይመስለኛል፣
ባቡሩን ከጣቢያው አሳልፎ
አራተኛው አግዳሚ ላይ አቁሞታል።
አፍደም መሆኑ ነው።
አልመለሰውም።
ማስተካከያው እጄ ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ መጫን ነው፤
እኔም አልነካሁትም።